የጓንት ጭብጨባ

ሂልካ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለትምህርት ቤት ልጆች ምግብ ስታበስል የኖረች ሴት ናት። ሐሙስ በመጣ ቁጥር የአተር ሾርባ፣ ከሾርባው በኋላ እንጆሪ ማርማላታ የተቀባ ስስ ቂጣ፤ ያውም ለመቶ አርባ ልጅ። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን ጨው ረስታ አታውቅም። ጨው መርሳት የጀመረችው ጡረታ ከወጣች ከስምንት ዓመት በኋላ ነው፤ ለአንድ ሰው ብቻ፣ ለራሷ ስታበስል።

«ለአንድ ሰው የሚሠራ ምግብ መች ጣዕም ኖሮት ያውቃል» ብላ ነገሩን አለፈችው። ባሏ ቬይኮ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ ብቻውን የሚበላ ሰው ጨው ቢረሳ ማን ይፈርድበታል? ግን አንድ ቅዳሜ ሳውናዋን፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤቷን፣ አሙቃ፣ ታጥባ ወጥታ፣ ፀጉሯ ገና ሳይደርቅ ተመልሳ እሳቱን እንደገና ስትለኩስ ራሷን በራሷ ያዘች። ክብሪቱ በእጇ እየነደደ ድርቅ ብላ ቆመች። የጣለችው ጣቷን ሲለበልባት ነው። የዚያን ዕለት ሂልካ ፈራች፤ ከዚያ ወዲህም ሳትፈራ የዋለችበት ቀን የለም።

የምትፈራውን ታውቀዋለች። እናቷ የሄደችው በዚሁ መንገድ ነው። በመጀመሪያ ጨው ረሳች፣ ቀጥሎ የቤቷን መንገድ፣ ከዚያ የልጆቿን ስም፤ መጨረሻ ላይ በሩ በቁጥር የሚከፈት ቤት ገባች። ቁጥሩን የሚያውቁት ሠራተኞቹና ጠያቂዎቹ ብቻ ናቸው። እናቷ ኮቷን ለብሳ በሩ ሥር ቆማ ትውልና «ልጆቼ ከትምህርት ቤት መምጫቸው ነው፣ ክፈቱልኝ» ትላለች። ሂልካ ጠይቃት ስትወጣ አራቱን ቁጥር ትነካለች፤ በሩ ከኋላዋ «ጠቅ» ይላል፤ እናቷ ከውስጥ ትቀራለች። ያ ድምፅ ሃያ ዓመት አልፎትም ዛሬ ድረስ ሆዷ ውስጥ አለ።

አንድያ ልጇ ፓይቪ የምትኖረው ሩቅ፣ ሰሜን፣ ኦውሉ የሚባል ከተማ ነው። እሑድ እሑድ ትደውላለች።

«እማዬ፣ አንዴ ሐኪም ቢያይሽ ምን አለበት?»

«ምኔን ነው የሚያየው? እግሬ እንደሁ ደህና ነው።»

«እግርሽን መች አልኩ?»

«ታዲያ ምኔን አልሽ?»

ከዚያ ሁለቱም ስለ አየሩ አውርተው ይዘጋሉ። በነሐሴ ግን ልጅቱ ደፈረች። «እማዬ፣ እዚያ ጫካ ውስጥ ብቻሽን መሆን ካቃተሽ እኛ አጠገብ ጥሩ ቤት አለ። ሄጄ አይቼዋለሁ። ንጹሕ ነው።» ሂልካ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «በሩ በምንድነው የሚከፈተው?» ፓይቪ ወሬውን ወደ አየሩ መለሰችው። ከዚያ ወዲያ ሂልካ ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ለእሷ ግን መድኃኒቱ ራሱ ያ በር ነው።

ማክሰኞና ዓርብ ከተማ ትሄዳለች፤ በመዋኛ አዳራሹ የጡረተኞች የውኃ ስፖርት አለ። የምትመለሰው በዘጠኝ ሰዓት ከአሥሩ አውቶቡስ ነው። በዚያ አውቶቡስ ሰው ከሰው ጎን አይቀመጥም። ሃያ ሁለት ጥንድ ወንበር ካለ፣ ሃያ ሁለት ሰው ሲገባ አውቶቡሱ ሞላ ማለት ነው፤ ሃያ ሦስተኛው ቆሞ ይሄዳል፣ ቅርም አይለውም። ጥላቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሰውን በሰውነቱ ማክበር እንዲህ ነው ተብሎ ከአባት የተወረሰ ነው። ተጣብቦ መቀመጥ ግድ ሲሆን እንኳ፣ በመስኮት በኩል ያለው መውረድ ሲፈልግ «ይቅርታ፣ አሳልፈኝ» አይልም። ጓንቱን ያወጣና አንዱን በሌላው ላይ ጧ ጧ ያደርጋል፤ የቦርሳውን ዚፕ ያለምክንያት ይከፍትና ይዘጋል። ጎረቤቱ ይገባዋል፣ ይነሣል። ዝም አይነቅዝም እንደሚባለው፣ ሰማንያ ዓመት ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ ቃል ሳይተነፍስ የሞተ ሰው ሞልቷል፤ ጓንቱ ተናግሮለታል።

የሂልካ ፌርማታ «የድሮው ትምህርት ቤት» ይባላል፤ ያው ሠላሳ አንድ ዓመት ያበሰለችበት። የሚማር ልጅ ጠፍቶ ከተዘጋ ቆይቷል። ሕንፃው ግን እንደ ቆመ ነበር፤ ቢጫ ግድግዳው በጨለማ ሳይቀር ይታያል። ባለፈው ሚያዝያ አፈረሱት። ከዚያ በኋላ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ጥድ ብቻ ሆነ፣ አንዱ ፌርማታ ከሌላው የማይለይ። በግንቦት አንድ ቀን ሂልካ ፌርማታዋን አልፋ ቀጥሎ ያለው፣ ድሮ ገበሬዎች ወተታቸውን የሚያስቀምጡበት የእንጨት መደብ ጋ ወረደች። «እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው» ብላ ራሷን ዋሸችና በብርሃን በእግሯ ተመለሰች።

ቀይ ቆቡን ያየችው ያኔ ነው። ስሙን አታውቅም። ሰማንያ ዓመት የተጠጋው፣ ረጅም፣ ጎበጥ ያለ ሰው ነው፤ ለአምስት ዓመት ልጅ የሚያምር፣ አናቱ ላይ ነጭ የክር ኳስ ያለበት ቀይ የሹራብ ቆብ ይደፋል። ከእሷ ሁለት ወንበር ወደ ፊት ይቀመጣል። ፌርማታው ሲቃረብ ጓንቱን ያወጣል። ጎኑ ማንም የለም፤ አሳልፈኝ የሚለው ሰው የለም፤ እሱ ግን ጧ ጧ እያደረገ ያጨበጭባል። በሐምሌ እንኳ! የዚያ አገር በጋ ሐምሌ ነው። በሐምሌ ጠራራ ፀሐይ ማን ጓንት በኪሱ ይዞ ይዞራል? ከዚያ የወራጅ ደወሉን ይጫንና ይነሣል። ሂልካም ትነሣለች። እሱ በፊተኛው በር፣ እሷ በመካከለኛው ይወርዳሉ። ወርዶ ጎንበስ ይልና የጫማውን ማሰሪያ ያጠብቃል። ጫማው ማሰሪያ የለውም።

በመጀመሪያ ፈርታው ነበር። ከዚህ በፊት እዚህ ሲወርድ አይታው አታውቅም፤ ድንገት ከየት መጣ? ከቤቷ መግቢያ ሆና በመጋረጃ ሥር አጮለቀች። ሰውየው ግን አልተከተላትም። በኋላ በኋላ «ምስኪን፣ ይሄስ ለይቶለት ጃጅቷል» እያለች በሆዷ ትስቅበት ጀመር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

በጥቅምት መጨረሻ፣ የመጀመሪያው በረዶ ወርዶ በረጋበት ቀን፣ ሰውየው ሲወርዱ ዘወር ብሎ አያት።

«ያንሸራትታል» አላት።

«አዎ፣ ያንሸራትታል» አለችው።

በስድስት ወር የተነጋገሩት ይህችን ነው። ሂልካ ሳምንት ሙሉ አሰላሰለቻት። ልታወራበት የምትችል ሰው ቢኖራት ኖሮ ታወራበት ነበር። በመስኮት ማየቱን ግን ያኔ ከተወችው ቆይታለች። መስኮቱ ምን ይሠራላታል? ጥድ፣ ጨለማ፣ ጥድ። ዓይኗን ቀይ ቆቡ ላይ ተክላ ትቀመጣለች፤ ጓንቱ ሲጨበጨብ ትነሣለች። ይህን ዘዴዋን ማንም እንደማያውቅባት ታምን ነበር።

የኅዳር አንድ ዓርብ ቀን አውቶቡሱ ውስጥ ገብታ፣ ቦታዋ ላይ ተቀምጣ፣ ቀና ስትል ቀይ ቆቡ የለም።

ክው አለች። ወደ ኋላ ዞራ ማየት ነውር ነው፤ ቢሆንም ዞራ አየች። የለም። «በኋላ ይገባል» አለች። በሩ ተዘጋ፣ አውቶቡሱ ተነሣ። ብርድ ስለሆነ መስኮቱ ሁሉ በሰው ትንፋሽ ደብዝዟል። በጓንቷ ጠረገችው፤ ከውጭ የገዛ ፊቷ መልሶ አያት። የከተማው መብራት አለቀ። ፌርማታዎቹን ልቁጠር አለች፤ ግን አውቶቡሱ ወራጅ ከሌለ አይቆምም፤ የቆመበትን ብትቆጥር ያለፈውን በምን ታውቃለች? አንድ፣ ሁለት፣ እያለች፣ ስለ መቁጠሩ ስትጨነቅ የት ላይ እንደ ነበረች ጠፋባት። ጉልበቷ መሃል ያለው ቦርሳ፣ እርጥቡ ፎጣዋ ውስጡ ያለበት፣ እንደ ድንጋይ ከበዳት።

ሾፌሩን መጠየቅ ይቻላል። አፍ ያለው ሰው ይጠይቃል። ግን ምን ብላ? «የምኖርበት ቦታ የት ነው?» ብላ? ግማሹ ተሳፋሪ የመንደሯ ሰው ነው፤ የአብዛኛውን እናት አባት አብልታለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከመምሸቱ በፊት ወሬው ኦውሉ ይደርሳል። ፓይቪም ቦርሳዋን ሸክፋ ትመጣለች። ከዚያ ጠቅ።

አውቶቡሱ ቀዝቀዝ አለና ቆመ። ደወል ግን የተጫነ ሰው አልነበረም። ሾፌሩ፣ ዮውኒ የሚባለው፣ ሳቮ ከሚባለው ክፍለ ሀገር የመጣው ወፍራም ሰው፣ አንገቱን ሳያዞር ጮክ ብሎ፣

«የድሮው ትምህርት ቤት!» አለ።

በዚያ መንገድ ላይ ሾፌር የፌርማታ ስም ሲጠራ ሰው ሰምቶ አያውቅም። የፊተኛውና የመካከለኛው በር ተከፈተ። ቅዝቃዜው ገባ። ማንም አልተነሣም። የተጠራው ለእሷ ነው፤ ለሌላ ለማንም አይደለም። ማን ነገረው? ፓይቪ ደውላለት ነው? ስንት ሰው ያውቃል? አሁን ብትነሣ፣ ይህ ሁሉ ሰው «አሃ፣ ለእሷ ነው የተጠራው» ይላል። ቀና ብሎ የሚያያት አልነበረም፤ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ይህም አለማየት ከማየት ባሰባት። ሰዎቹ በደግነት እየጠበቋት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ጨው ሳትረሳ ያበላቻቸው ሴት፣ በገዛ ትምህርት ቤቷ ፊት ለፊት፣ ተነሥታ እንድትሄድ በትዕግሥት ይጠብቋታል።

አልተነሣችም። እግሯ አልታዘዝ አላት ብትል ውሸት ነው፤ እግሯ ይነሣ ነበር፣ እሷ ናት ያስቀመጠችው። ዮውኒ በመስታወቱ ቃኝቶ ትንሽ ጠበቀ፤ ደግሞ ጠበቀ። ከዚያ በሩን ዘጋና ነዳ።

ወዲያው ደወሉን ተጫነች። ቀጣዩ ፌርማታ የወተት መደቡ ነው፤ በግንቦት በእግሯ ተመልሳለች፤ ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው፣ ምን አላት? ወረደች። የአውቶቡሱ ቀይ መብራት ጥዱ መሃል ገብቶ ጠፋ። ያኔ ጨለማው መጣ።

ዐሥር ሰዓት እንኳ አልሞላም፤ ግን ኅዳር ነው፣ ፀሐይ ከሄደች ቆይታለች። መንገዱን ተሻገረች፣ በእግረኛው በኩል መራመድ ጀመረች። መቶ እርምጃ ያህል እንደሄደች በረዶ ጠራጊው መኪና ቢጫ መብራቱን እያሽከረከረ መጣ። ዳር ላይ ወደተከመረው በረዶ ዘላ ገባች፣ ፊቷን በእጇ ሸፈነች፣ ነጭ አመዳይ ከራስ እስከ እግሯ ለበሰች። ዞር ዞር ብላ አራገፈች። መኪናው ካለፈ በኋላ መንገዱ መሃል ቆማ ወዲህም ወዲያም አየች። ከየት ነው የመጣችው? የእግሯን ኮቴ ፈለገች፤ ጠራጊው ጠርጎታል። በቀኝም ጥድ ነው፣ በግራም ጥድ ነው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። «እናቴ» አለች ድምፅ አውጥታ። ደነገጠች፤ ለምን እናቷን እንደጠራች አላወቀችም። ከመዋኛ አዳራሹ ስትወጣ በደንብ ያልደረቀው ፀጉሯ ከቆቧ ሥር መቀዝቀዝ ጀመረ፤ ስትነካው እንደ ሽቦ ደርቋል። ስልኳን አወጣች። ያላት ቁጥር አንድ ነው። አውራ ጣቷን ፓይቪ የሚለው ስም ላይ አስቀመጠች። ከዚያ መልሳ ኪሷ ከተተችው። በብርድ ሞቶ መገኘት ከዚያ በር ይሻላል የሚል ሐሳብ መጣባት፤ ሐሳቡ ራሱ እንደ አዲስ አስፈራት። ከራሷ ሐሳብ የምትሸሸግበት ቦታ አልነበራትም።

ወደ አንዱ አቅጣጫ ሄደች። የወተት መደቡ ጋ ደረሰች። ከመደቡ ነው የተነሣችው፤ ስለዚህ ከቤቷ ርቃለች ማለት ነው? ወይስ ይህ ሌላ መደብ ነው? ተቀመጠችበት። መነሣት ፈራች፤ መቀመጥም ፈራች። እግሯ እንዳይደነዝዝ መሬቱን በጫማዋ ትደበድባለች። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አታውቅም፤ ከጥዱ ማዶ ሁለት መብራት ብቅ አለ። እዚያ አገር አውቶቡስ በእጅ ካልተጠራ አያቆምም፤ በጨለማ ደግሞ እጅ አይታይም። ከኮቷ ኪስ በክር የተንጠለጠለውን፣ የመኪና መብራት ሲያርፍበት የሚያበራውን አንጸባራቂ ይዛ፣ ክንዷ እስኪገነጠል ወዲህ ወዲያ አወዛወዘችው።

አውቶቡሱ ቆመ። ዮውኒ ነው፤ ከመጨረሻው ፌርማታ ወደ ከተማ እየተመለሰ። በሩን ከፍቶ ሲያያት ቀለሙ ጠፋ።

«ወይ አምላኬ! እማማ! እዚህ ነዎት እንዴ? ይግቡ፣ ይግቡ!»

ገባች። ሙቀቱ ሲነካት ፀጉሯ ቀለጠና በአንገቷ ወረደ። ዮውኒ በሩን ዘጋ፤ ግን አልነዳም። ኋላ የተቀመጡት ሦስት ተሳፋሪዎች ቀና አላሉም።

«እኔ እኮ ጠራሁት» አለ ዮውኒ። «እንደ ጅል ጮኼ ጠራሁት። ለምን አልወረዱም?»

«አፈርኩ» አለች ሂልካ። ይህን ማለቷን ራሷ ሰምታ ተገረመች።

«ይኸው! እኔስ አላልኩም? ለኦይቫ ብዬዋለሁ። አንተ ሰውዬ፣ ብጮህ ታፍራለች፣ ባልጮህ ትጠፋለች፣ ምን ላድርግ አልኩት።»

«ኦይቫ ማነው?»

ዮውኒ በመስታወቱ ሳይሆን ፊቱን አዙሮ አያት። «ቀይ ቆቡ! ጓንት የሚያጨበጭበው።»

ሂልካ የፊተኛው ወንበር ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «እሱ ምን አገባው? የራሱ ፌርማታ ስለሆነ ነው የሚወርደው።»

«የራሱ? የእሱ ቤት እንጨት መሰንጠቂያው ጋ ነው እኮ፤ ከእርስዎ ሦስት ፌርማታ በፊት። ትምህርት ቤቱ ከፈረሰ ወዲህ፣ ፌርማታዎን በመስኮት እየፈለጉ ሲጨነቁ አይቶ፣ ከእርስዎ ጋ ይወርዳል፣ መግቢያዎት ድረስ በዓይኑ ይሸኝዎታል፣ ከዚያ በእግሩ ይመለሳል። ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል፣ በሳምንት ሁለቴ። አብደሃል ወይ አልኩት አንድ ቀን። አየሩ ጥሩ ነው አለኝ። ዝናብ ነበር እኮ!»

የሳቮ ሰው ቀልዱና ቁም ነገሩ አይለይም፣ ሲናገር ኃላፊነቱ የሰሚው ነው ይባላል፤ ሂልካም ቀልድ መስሏት የዮውኒን ፊት መረመረች። ቀልድ አልነበረበትም። ማሰሪያ የሌለው ጫማ ትዝ አላት። የሐምሌው ጓንት ትዝ አላት። «ምስኪን፣ ጃጅቷል» ያለችው ትዝ አላትና ፊቷ በኀፍረት ጋለ።

«ለምን አልነገረኝም?»

«ምን ብሎ? አሮጊቷ፣ አእምሮሽ ከድቶሻል ብሎ?» ዮውኒ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሚስቱ ሲልቪ እንዲህ ሆና ነበር። አንድ ቀን እዚሁ አውቶቡስ ውስጥ፣ ሰው ፊት፣ እዚህ አይደለም የምንወርደው፣ ደግሞ ረሳሽ አላት። ከዚያ በኋላ አውቶቡስ ላይ ወጥታ አታውቅም። እስክትሞት። ያ ቆብ የእሷ ሥራ ነው፤ የሠራችው መጨረሻው ላይ ነው፣ ለማን እንደምትሠራ እንኳ ሳታውቅ።»

«ታዲያ ዛሬ የት ሄደ?»

ዮውኒ መሪውን ያዘ። «ማክሰኞ እርስዎን አድርሶ ሲመለስ አንሸራተተው። ዳሌው ተሰበረ። መልስ ላይ እኔ ነኝ ያገኘሁት፤ እንደ እርስዎ አንጸባራቂውን ተኝቶ ያወዛውዛል። አምቡላንስ እስኪመጣ ሲያቃስት የሚያወራው ስለ ዓርብ ነው። አረንጓዴ ኮት የለበሰችው ሴትዮ፣ ዓርብ ማን ይነሣላታል፣ በል አንተ ፌርማታውን ጥራላት፣ ይለኛል። ስምዎትን እንኳ አያውቅም።»

የሂልካ ፍርሃት አልለቀቃትም፤ መልኩን ብቻ ቀየረ። ስድስት ወር ሙሉ አንድ ሰው አውቆባታል፤ እሷ ደብቄአለሁ ስትል እሱ ከፊቷ ተቀምጦ ጓንት ሲያስጮህ ኖሯል። ያ ሁሉ የደበቀችው ነገር ለማንም ድብቅ አልነበረም። ሦስቱ ተሳፋሪዎች ኋላ አሉ፤ ይሰማሉ። ይስሙ።

«ይህ አውቶቡስ በሆስፒታሉ በኩል ያልፋል?» አለች።

«ያልፋል።»

«እንግዲያው ስንደርስ ጥራልኝ።» ትንፋሿን ሳበች። ከዚያ ለዮውኒ ብቻ በማይሆን ድምፅ፣ መቶ አርባ ልጅ ወደ ምሳ በምትጠራበት ድምፅ ተናገረች። «እረሳለሁ። የምወርድበት ይጠፋብኛል። ጮክ ብለህ ጥራልኝ።»

ኋላ አንድ ሰው ተንቀሳቀሰ፣ ወንበር ጮኸ። ሂልካ መንገዱን ሙሉ ጀርባዋ ላይ ብርድ ይሰማት ነበር። ከተማው ሲደርስ መብራቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት መሰሏት፤ የት እንዳለች ፈጽሞ አላወቀችም፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ጠበቀች።

«ሆስፒታል!» አለ ዮውኒ።

ሌላ ማንም አልተነሣም። እሷ ተነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ ከኋላ አንዲት ወጣት፣ ከስልኳ ቀና ሳትል፣ «ቀስ ብለው፣ ያንሸራትታል» አለቻት።

ፎቅ ላይ ያገኘቻት ነርስ ለኦይቫ ምኑ እንደሆነች ጠየቀቻት። ሂልካ ትንሽ አሰበች። «በአንድ አውቶቡስ ነው የምንሄደው» አለች። ነርሷ ይህ ምን ዓይነት ዝምድና እንደሆነ አልጠየቀችም፤ በሩን አሳየቻት።

ኦይቫ ያለ ቆቡ ትንሽ ሰው ሆኖ ተኝቷል። ቆቡ አጠገቡ ካለው መሳቢያ ላይ ተቀምጧል። ሲያያት ለመነሣት ሞከረና ዳሌው ያዘው።

«ዮውኒ ረሳው?»

«አልረሳም። ጠርቶታል። እኔ ነኝ ያልተነሣሁት።»

ኦይቫ ራሱን ነቀነቀ። «ሲልቪም አትነሣም ነበር» አለ።

ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ከአልጋው ራቅ አድርጋ፣ እንደ ወጉ። ኮቷ ላይ የቀረው በረዶ እየቀለጠ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

«ሂልካ እባላለሁ» አለች በመጨረሻ። «ፈርቻለሁ።»

«አውቃለሁ» አለ ኦይቫ። «ሲልቪም ፈርታ ነበር። አንድም ቀን ግን አልነገረችኝም። አርባ ዘጠኝ ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተን፣ እሷ በዚያ በኩል ብቻዋን ስትፈራ፣ እኔ በዚህ በኩል ብቻዬን ስፈራ።» ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ጓንቱን ያኔ ባውቀው ኖሮ...» አለና ተወው።

ሂልካ ስልኳን አወጣች። ፓይቪ የሚለውን ስም አገኘችው። አውራ ጣቷን አስጠጋች፣ መለሰች፣ አስጠጋች። ጠቅ የሚለው በር መጣባት፤ እናቷ ኮቷን ለብሳ በሩ ሥር ቆማ መጣችባት። «አልችልም» አለች በለሆሳስ። «ከዚህ በኋላ ያለውን አላውቀውም።»

ኦይቫ በተኛበት እጁን ዘርግቶ መሳቢያውን ሳበ። ጓንቶቹን አወጣ። አንዱን አጠለቀ፣ ሌላውን አጠለቀ፣ ጊዜ ወስዶ። ከዚያ፣ ማንንም ማሳለፍ በማያስፈልግበት በዚያ ክፍል ውስጥ፣ ጧ ጧ አድርጎ አጨበጨበ።

ሂልካ ሳታስበው ተነሥታ ቆመች። ጣቷ ቁልፉን ነካ። ሁለት ጊዜ ጠራ።

«እማዬ? ዛሬ እኮ ዓርብ ነው። ምን ሆንሽ?»

ሂልካ በነጻ እጇ የአልጋውን ብረት ያዘች።

«ፓይቪ» አለች፤ «ፌርማታዬን አልፌ ወረድኩ። ዛሬ ብቻ አይደለም።»